ጥንትን ማጥናትና ጥንትን መልበስ

በዋሽንግተን ከተማ፣ በብሔራዊው የአሜሪካ ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ፣ ከወገቡ በታች ሰፊ መጎናጸፊያ የተጣለበት፣ የጥንት ሰዎችን ነጠላ ጫማ የተጫማ፣ በዙፋን ተቀምጦ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ያነሣ ታላቅ የእብነ በረድ ሐውልት ይገኛል። የማያውቀው ሰው ከግሪኮች አማልክት አንዱ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም፤ ሐውልቱ ግን የጆርጅ ዋሽንግተን ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የተወለደበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ በ1832 ዓ.ም. ሥራውን ለሆሬሺዮ ግሪኖ ሰጠ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ)፤ ግሪኖም በጣልያን አገር በፊሬንዜ ተቀምጦ፣ ፊድያስ በኦሊምፒያ ቤተ ጣዖት ያቆመውንና ከጠፋ ከሺህ ዓመት በላይ ያለፈውን የዜውስን ምስል በኅሊናው እየሣለ፣ ዋሽንግተንን በዚያ አርአያና አምሳል ቀረጸው። ሐውልቱ በ1841 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ በምክር ቤቱ አዳራሽ በቆመ ጊዜ ግን ሕዝቡ በአክብሮት ፈንታ ሣቀ፤ ሰውየው ገላውን ታጥቦ ልብሱን ለማንሣት እጁን የዘረጋ ይመስላል እያለም ተሳለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአዳራሹ ወጥቶ በግቢው ሣር ላይ ተቀመጠ፤ ብዙ ክረምት በረዶና ዝናብ ሲወርድበት ኖሮ ወደ ጣራ ሥር የተመለሰው በ1908 ዓ.ም. ነው።

ሣቁ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ከሣቁ በኋላ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ አለ። ግሪኖ ሞኝ አልነበረም፤ የተማረ፣ እጁ የሠለጠነ፣ አገሩንም የሚወድ ሰው ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው፣ በሕይወት ሳለ ያዩት ሽማግሎች ገና ያልሞቱለትን የቨርጂኒያ ገበሬና የጦር አለቃ እንደ ዜውስ ራቁቱን አስቀምጦ አከበርሁት ብሎ እንዲያምን ያደረገው ምን ዓይነት መንፈስ ነው? መልሱ ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ አውሮፓን እንደ ሃይማኖት በያዘው፣ ኒዮክላሲክ በሚባለውና በእኛ ቋንቋ ሐዲስ ጥንታዊ ልንለው በምንችለው የሥነ ጥበብ ስልት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ስልት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወይ ያመሰግኑታል፣ ወይ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው ብለው ይተዉታል፤ እኔ ግን ሁለቱም ፍርድ ጎደሎ ይመስለኛል። ጥንትን ማጥናት አንድ ነገር ነው፤ ጥንትን መልበስ ሌላ ነገር ነው፤ የዚያ ዘመን ሠዓልያንና ሐውልት ቀራጮች ባጠኑበት ጊዜ ለዘለዓለም የሚተርፍ ሥራ ወለዱ፣ በለበሱበት ጊዜ ግን ራሳቸውንም ጥንቱንም ለመሣለቂያ ዳረጉ።

የነገሩ መነሻ እሳተ ገሞራ ነው ቢባል ቀልድ አይደለም። የቬሱቪዮ ተራራ በ79 ዓ.ም. ፈንድቶ ሄርኩላኒየምንና ፖምፔይን ከነዳቦ መጋገሪያቸው፣ ከነመጠጥ ቤታቸው፣ ከነግድግዳ ሥዕላቸው ከቀበራቸው በኋላ፣ ከተሞቹ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ከመሬት በታች ተኝተው ኖሩ። የናፖሊ ንጉሥ የነበረው የቡርቦኑ ካርሎ በ1738 ዓ.ም. በሄርኩላኒየም፣ በ1748 ዓ.ም. ደግሞ በፖምፔይ ቁፋሮ ሲያስጀምር፣ ያሰበው ከዕውቀት ይልቅ ቤተ መንግሥቱን የሚያስጌጥ ሀብት ነበር፤ ቆፋሪዎቹም እንደ ማዕድን ሠራተኞች በጨለማ ዋሻ እየተሽሎከለኩ ሐውልቱን እየነቀሉ፣ የግድግዳውን ሥዕል ከነልስኑ እየቆረጡ ወደ ላይ ያወጡ ነበር። ንጉሡ በግኝቱ እጅግ ከመቅናቱ የተነሣ ጎብኚዎች ያዩትን በወረቀት እንዳይነድፉ ይከለከሉ ነበር፤ ወሬውን ግን ማን ሊከለክል ይችላል? ከዚያ በፊት ጥንት ማለት መጽሐፍ ማለት ነበረና፣ ቪርጊልንና ሊቪዮስን በላቲን ያነበበ ሰው ጥንትን አወቅሁ ይል ነበር፤ ከቁፋሮው በኋላ ግን ጥንት በእጅ የሚዳሰስ ኩራዝ፣ በጣት የሚነካ የከሰለ ዳቦ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዛውያኑ ስቱዋርትና ሬቬትም በ1751 ዓ.ም. ወደ አቴና ወርደው፣ የፈረሱትን ቤተ መቅደሶች ክንድ በክንድ ለክተው የመጀመሪያውን ጥራዝ በ1762 ዓ.ም. አሳተሙ፤ እንዲህ ያለው መለካት፣ አቧራ ለብሶ ከድንጋይ ጋር መዋል፣ ማጥናት የምለው ነው።

ይህን ሁሉ ግኝት ወደ ትምህርትነት፣ ትምህርቱንም ወደ አምልኮነት ያደረሰው ሰው የጫማ ሰፊ ልጅ ነበር። ዮሐን ዮአኪም ቪንክልማን በ1717 ዓ.ም. ሽቴንዳል በምትባል የፕሩሲያ ከተማ በድኽነት ተወልዶ፣ ቀን ለልጆች ፊደል እያስቆጠረ ሌሊት ሆሜርን በጽርዕ፣ ማለት በግሪክ፣ ቋንቋ እያነበበ ያደገ ሊቅ ነው። በ1755 ዓ.ም. በድሬስደን ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ፣ ታላቅ ለመሆን ያለው መንገድ ግሪኮችን መምሰል ብቻ ነው ብሎ ካስተማረ በኋላ፣ ወደ ሮም ሄዶ የካርዲናል አልባኒ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነ፤ በ1764 ዓ.ም. የታተመው የጥንት ሥነ ጥበብ ታሪኩም፣ ሥነ ጥበብን የጥቂት ሰዎች ገድል አድርጎ መተረክ ትቶ፣ እንደ ሕያው ፍጥረት የሚወለድ፣ የሚያብብና የሚያረጅ ነገር አድርጎ ከሕዝቡ ኑሮና ከአየሩ ጠባይ ጋር አያይዞ የተረከ ታላቅ መጽሐፍ ነው። ዛሬ በማንኛውም ቤተ መዘክር ሐውልቶች በዘመናቸው ተራ ተደርድረው ስናይ የዚህን የጫማ ሰፊ ልጅ ሥራ እያየን መሆኑን አንዘንጋ። ነገር ግን ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያመለካትን የግሪክን ምድር አንድ ቀን እንኳ አልረገጣትም፤ በሮም ያያቸው ሐውልቶችም አብዛኞቹ የግሪኮች ሳይሆኑ፣ ሮማውያን ከግሪክ የነሐስ ሥራዎች በእብነ በረድ የገለበጧቸው ነበሩ። ከሁሉ በላይ ያደነቀው፣ በቫቲካን የሚገኘው የቤልቬዴሬ አፖሎን እንኳ ከእነዚያ ግልባጮች አንዱ ነው። በ1768 ዓ.ም. ከቪየና ሲመለስ፣ በትሪየስቴ ወደብ ባደረበት የእንግዳ ማረፊያ፣ ከጎኑ ባለው ክፍል ያረፈ ሰው በጩቤ ወግቶ ገደለው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ኀምሳ ዓመት ነበር።

ከዚህ ከግልባጭ አምልኮ የተወለደው ትልቁ ስሕተት የነጭነት ስሕተት ነው። ጽርዓውያን ሐውልታቸውን ነጩን አልተዉትም፤ ከንፈሩን በቀይ፣ ጠጉሩን በቡናማ ወይም በወርቅ፣ የልብሱን ዘርፍ በሰማያዊና በአረንጓዴ እየቀቡ፣ የነሐሱንም ዓይን በባለ ቀለም ድንጋይ እየሞሉ፣ እኛ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ እንደምናየው ያለ ደማቅ ኅብረ ቀለም ያለብሱት ነበር። የሁለት ሺህ ዓመት ፀሐይ፣ ዝናብና አፈር ያን ቀለም አጥቦ እብነ በረዱን ባዶውን ባስቀረው ጊዜ፣ የ18ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ባዶነቱን ንጽሕና ብለው ሰየሙት። ቪንክልማን ራሱ በ1760 ዓ.ም. በፖምፔይ የተገኘችውን፣ ቀለሟ ገና ያልጠፋ የአርጤምስ ሐውልት አይቷል፤ ዓይኑ ግን ከልቡ ጋር አልተስማማለትምና በመጀመሪያ የግሪኮች ሳትሆን የኤትሩስካውያን ሥራ ናት ብሎ መደባት። ፈረንሳዊው ካትርሜር ደ ኬንሲ በ1814 ዓ.ም. ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ ጥንታውያን በቀለም፣ በወርቅና በዝሆን ጥርስ ይሠሩ እንደ ነበር በማስረጃ ቢያሳይም፣ ቀራጮቹ መጽሐፉን እያነበቡ እጃቸው ግን ወደ ነጩ ድንጋይ መሄዱን አላቆመም።

ይህ ስሕተት የመጻሕፍት ስሕተት ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባልተቈጣሁ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ የፓርቴኖን ቅርጾች በባለጸጋ ገንዘብ ለተሠራላቸው አዲስ አዳራሽ እንዲያምሩ ተብሎ፣ ሠራተኞች በመዳብ መፋቂያና በሻካራ ድንጋይ ገላቸውን ፋቁት፤ ምክንያቱም አዳራሹን ያሠራው ባለጸጋና የእርሱ ሰዎች ጥንት ማለት ነጭ ማለት ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር ነው። ሃያ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረው የድንጋዩ ቆዳ በአጭር ጊዜ ተላጠ። በ2009 ዓ.ም. በልዩ ብርሃን የተመረመሩት እነዚያው ቅርጾች፣ ከዚያ ሁሉ ፍቀት በኋላ እንኳ፣ የግብፅ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ቅንጣት በልብሳቸው እጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ ተገኝቶባቸዋል። ለጥንት ፍቅር አለኝ የሚል ሰው የሚወደውን ፊት ለመላጥ ከደረሰ፣ የሚወደው ጥንቱን ሳይሆን በጥንቱ ውስጥ ያየውን የራሱን ፊት ነው።

በዚህ አንጻር እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ሥዕል አለ። ግሪኮች በሚተርኩት ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የቄፌዎስ ልጅ ናት፤ እናቷ ካስዮጵያ በውበት በመመካቷ የባሕር አውሬ ስለ ተላከባቸው ልጅቱ በዐለት ታስራ ሳለ፣ ጀግናው ጰርሴዎስ ደርሶ አዳናት። ግሪኮች በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ሲሉ ዛሬ በካርታ የምናውቀውን ድንበር ማለታቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የጠቈረ ፊት ያላቸውን ሰዎች አገር ማለታቸው እንደ ሆነ ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ የሮማው ባለ ቅኔ ኦቪድም አንድሮሜዳን ከጥቁር መልክ ጋር አያይዞ ያነሣበት ቦታ አለ። የቪንክልማን ወዳጅና የሐዲስ ጥንታውያን አለቃ ይባል የነበረው አንቶን ራፋኤል ሜንግስ በ1778 ዓ.ም. በሮም ለሕዝብ ባሳየው «ጰርሴዎስና አንድሮሜዳ» በተባለው ሥዕሉ፣ ጰርሴዎስን ከዚያው ከቤልቬዴሬው አፖሎን ገልብጦ፣ ኢትዮጵያዊቱን ልዕልት ደግሞ እንደ እብነ በረድ ነጭ አድርጎ ሣላት። (ሥዕሉ ላዘዘው የዌልስ ባላባት በመርከብ ሲላክ በፈረንሳይ የባሕር ወራሪዎች ተማርኮ፣ በመጨረሻ በሩሲያ እቴጌ በዳግማዊት ካትሪን እጅ ገብቶ፣ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ይገኛል፤ የተረቱ ልዕልት ከባሕር አውሬ ብትድንም ሥዕሏ ከባሕር ወራሪ አልዳነም።) ሜንግስ ክፉ አሳብ ነበረው አልልም፤ ጥንቱን ያየው በነጭ ድንጋይ በኩል ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥንታውያኑ ራሳቸው የጻፉትን ቃል ለማየት ቦታ አልቀረለትም።

ወደ ፈረንሳይ ስንሻገር ነገሩ ይከብዳል፤ በዚያ ጥንትን መልበስ ከሥዕል ቤት ወጥቶ ወደ አደባባይ ወርዷልና። ዣክ ሉዊ ዳቪድ ሮም ለመማር የሚያስችለውን ሽልማት ደጋግሞ ሳይሳካለት ቀርቶ በ1774 ዓ.ም. ያገኘ፣ በሮምም ዓመታት ሙሉ ጥንታውያን ቅርጾችን ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው። የንጉሡ የሉዊ 16ኛ ቤተ መንግሥት ሥዕል ባዘዘው ጊዜ፣ ይህን ሥዕል ከሮም በቀር በሌላ አገር መሥራት አይቻልም ብሎ ተመልሶ ወርዶ፣ በ1784 ዓ.ም. «የሆራትዮሳውያን መሐላ» የተባለውን፣ ቁመቱ ከሦስት ሜትር፣ ወርዱ ከአራት ሜትር የሚበልጠውን ሥዕል ፈጸመ። ሦስት ወንድማማች ከጠላት ከተማ ከአልባ ሦስት ወንድማማቾች ጋር ለሮም ሊዋጉ እጃቸውን ዘርግተው ሲምሉ፣ አባታቸው ሦስቱን ሰይፍ በአንድ እጁ ይዞ ይቀበላቸዋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ሴቶቹ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ከእነርሱ አንዷ የጠላት ወገን እጮኛ ናትና፣ ማንም ቢያሸንፍ የእርሷ ኀዘን የማይቀር ነው። ከበስተ ኋላ ያለ ጌጥ የቆሙት ሦስት ቅስቶችና ወፍራም ዓምዶች ዓይንን ወደ ሰይፎቹ ብቻ ይገፋሉ። ሥዕሉ በ1785 ዓ.ም. በፓሪስ ሲታይ ያን ጊዜ የነበረውን፣ በአበባና በሕፃናተ መላእክት የተጨናነቀውን የቤተ መንግሥት ሥዕል በአንድ ቀን አስረጀው። የሚገርመው ግን መሐላው ራሱ ታሪኩን በጻፈው በሊቪዮስ መጽሐፍ አለመኖሩ ነው፤ ዳቪድ የሮማውያንን መንፈስ እስኪሞላበት ድረስ አጥንቶ፣ ሮማውያን ያልጻፉትን ሮማዊ ነገር ፈጠረ።

ከአብዮቱ በኋላ ግን ዳቪድ ሠዓሊ ብቻ ሆኖ መኖር አልቻለም። በምክር ቤት ገብቶ በጥር 1793 ዓ.ም. የሥዕሉን ዋጋ የከፈለውን ንጉሥ እንዲሞት ድምፁን ሰጠ፤ የሪፐብሊኩን ክብረ በዓላት በጥንት ሥርዓት አዘጋጀ፤ ለዜጎችም በጥንት አምሳል ልብስ ነደፈላቸው። ፓሪስ ሮምን ለበሰች፤ ተናጋሪው ሁሉ ብሩቱስ ነኝ አለ፤ ብዙዎቹ ብሩቱሶችም ወደ ጊዮቲን ሄዱ። ታዲያ ዳቪድ ከሥራዎቹ ሁሉ ታላቁን የሠራው በዚሁ ዓመት፣ መጎናጸፊያና የጦር ቁር ያልገባበትን ሥዕል ሲሥል ነው። ማራ የሚባለው የአብዮቱ ጋዜጠኛ በሐምሌ ወር በመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ሳለ ሻርሎት ኮርዴይ በቢላዋ ወግታ ገደለችው፤ ዳቪድም ያንን ሬሳ እርጥብ አንሶላ ላይ እንዳለ፣ ብዕር በእጁ እንደ ያዘ፣ አንድ ክንዱ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ፣ ከአጠገቡ ተራ የእንጨት ሣጥን ብቻ አድርጎ ሣለው። ያ የተንጠልጠለ ክንድ ከመስቀል የወረደውን ክርስቶስን ከሚያሳዩ የጣልያን ሥዕሎች የመጣ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል፤ የገላው ጸጥታና የሥዕሉ ባዶ ግድግዳ ደግሞ ከጥንት ቅርጾች የተማረው ነው። ማራ እንዲህ ያለ ቅዱስ ይገባው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔም አይገባውም ባይ ነኝ። ቢሆንም ዳቪድ ከጥንት የተማረውን ሁሉ ያወጣበት፣ አንዱንም የጥንት ልብስ ያላለበሰበት ሥዕል ስለ ሆነ፣ በብሩክሴል ቤተ መዘክር ፊቱ የቆመ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያው ዳቪድ በኋላ የናፖሊዮንን ዘውድ መጫን ወርዱ አሥር ሜትር ሊሞላ በቀረው ሸራ ላይ ሣለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሲወድቅም ተሰድዶ በ1825 ዓ.ም. በብሩክሴል ሞተ።

ናፖሊዮን ጥንትን በመልበስ ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ልብሱ ከመጠን በላይ በሰፋ ጊዜ ራሱም ማፈሩ አልቀረም። የዘመኑ ታላቅ ሐውልት ቀራጭ አንቶኒዮ ካኖቫ፣ ናፖሊዮንን ሰላም አምጪ ማርስ አድርጎ፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ በሆነ እብነ በረድ ራቁቱን ቀረጸው። ሐውልቱ በ1811 ዓ.ም. ፓሪስ ሲደርስ፣ በዚያን ጊዜ ወፍሮ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ያንን የስፖርተኛ ገላ አይቶ ለሕዝብ እንዳይታይ አዘዘ፤ ከመጋረጃ በስተ ጀርባም ተደበቀ። ከዋተርሉ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ገዝቶ ለአሸናፊው ለዌሊንግተን ሰጠውና፣ ዛሬ በለንደን በዌሊንግተን ቤት ደረጃ ሥር፣ የድል ምልክት በእጁ እንደ ያዘ፣ ድል ያደረገው ሰው እንግዶች ሲወጡና ሲወርዱ ያያል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል ለዚህ ሐውልት የተነገረ ይመስላል።

ካኖቫን ግን በዚህ ሐውልት ብቻ አልፈርደውም፤ ስለ ጥንት ያለኝን አሳብ ካጸኑልኝ ሰዎች ዋናው እርሱ ነውና። ሎርድ ኤልጂን የሚባለው የእንግሊዝ አምባሳደር ከ1801 ዓ.ም. ጀምሮ ከአቴናው ፓርቴኖን ቅርጾቹን አስነቅሎ ባወረደ ጊዜ፣ አፍንጫቸውና ክንዳቸው የተሰበረውን እንዲጠግንለት ካኖቫን ለመነው። በዚያ ዘመን የጥንት ሐውልት መጠገን የተለመደ ሥራ ነበር፤ በሮም የጎደለውን ራስ እየቀጠሉ፣ የጠፋውን እጅ እየሠሩ የሚተዳደሩ ብዙ ቀራጮች ነበሩ። ካኖቫ ግን፣ በመላው አውሮፓ ከእርሱ የበለጠ ይህን ለማድረግ የሚችል እጅ ሳይኖር፣ እነዚያን ድንጋዮች በመሮ መንካት ድፍረት ነው ብሎ እምቢ አለ። ስብራቱን እንደ ስብራት መተው! በእኔ ግምት የዚያ ዘመን ሥነ ጥበብ ከፈጸማቸው ሥራዎች ሁሉ ታላቁ ይህ ያልተሠራው ሥራ ነው። ይኸው ሰው በ1815 ዓ.ም. የጳጳሱ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ፓሪስ ሄዶ፣ ናፖሊዮን ከጣልያን የዘረፋቸውን፣ ያንን የቤልቬዴሬውን አፖሎን ጭምር፣ አስመልሷል። የፓርቴኖኑን ቅርጾች ግን የእንግሊዝ ምክር ቤት በሚከተለው ዓመት በ35,000 ፓውንድ ገዝቶ አስቀራቸው፤ የአቴና ሰዎች ዛሬም ይጠይቃሉ፤ እኔም መመለስ አለባቸው እላለሁ፤ ለምን እንደምል ወዲያው ይታያል።

የዚህ ስልት ሊቃውንት ሁሉ የአውሮፓ ወንዶች አልነበሩምና፣ ስለ ኤድሞኒያ ሉዊስ ሁለት ቃል ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ይጎድላል። እናቷ ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች፣ አባቷ ከጥቁሮች ወገን የሆኑት ይህች ሴት ሮም ተቀምጣ እብነ በረድ ትቀርጽ ነበር፤ ሌሎች ቀራጮች ድንጋዩን ለቅጥረኛ ሲሰጡ እርሷ፣ ሥራው የሌላ ነው ተብሎ እንዳይታማባት፣ ራሷ ትፈልጥ ነበር። በ1876 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ባሳየችው ሐውልቷ ክሌዎጳትራን ሌሎች እንደሚያደርጓት ስታስብና ስትተክዝ ሳይሆን በእባቡ መርዝ ሞታ፣ ራሷ ወደ ጎን ተዘልሶ አሳየቻት፤ ተመልካቹም ደነገጠ። ሐውልቱ ከዚያ በኋላ ጠፍቶ፣ በቺካጎ አጠገብ ክሌዎጳትራ የምትባል የውድድር ፈረስ መቃብር ላይ ሆኖ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ ተገኝቶ፣ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይታያል።

ጥንትን መልበስ እስከ መጨረሻው ሲሄድ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ግን የሩቅ አገር ምሳሌ አያስፈልገንም፤ በራሳችን ላይ ደርሷልና። የፋሺስት መንግሥት አለቃ ራሱን የቄሣሮች ወራሽ አድርጎ፣ ወታደሮቹን በጥንት የሮም ስም እየጠራ፣ ሰላምታቸውንም የሮማውያን ነው ብሎ እጅ አስዘርግቶ፣ በ1935 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን መጣብን። በሮም ከተማ ኤውር በሚባለው ሰፈር፣ በረድፍ በረድፍ በተደረደሩ ቅስቶች ያሸበረቀ፣ ሕዝቡ ባለ አራት ማዕዘኑ ኮሎሴዎስ የሚለው ነጭ ሕንፃ አለ፤ በአራቱም ገጽ አናቱ ላይ በትልልቅ ፊደል ተቀርጾ የሚነበበው ቃል፣ ሙሶሊኒ በጥቅምት 1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሊወጋ መነሣቱን ባወጀበት ንግግር የተናገረው ነው። ብዙ ጎብኚ በሕንፃው ውበት ተደንቆ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ፣ በአክሱም ጥንት ወድቆ ተሰባብሮ የነበረውን፣ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ የሆነውን ሐውልታችንን ወስደው፣ በሮም በትልቁ የፈረስ ግልቢያ ሜዳ አጠገብ፣ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ፊት አቆሙት። ለምን በዚያ ቦታ? ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ግብፅን በያዘ ጊዜ የግብፅን ሐውልት አምጥቶ በዚያው ሜዳ አቁሞ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ ዝርፊያው እንኳ የራሳቸው አሳብ አልነበረም፤ እርሱንም ከጥንት ተውሰው ለበሱት። በ1947 ዓ.ም. ለመመለስ በውል የፈረሙት ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ተመልሶ በ2008 ዓ.ም. በስፍራው ቆመ፤ እኛ ወደ ስድሳ ዓመት ያህል የጠበቅነውን የአቴና ሰዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስለ ጠበቁ፣ ጥያቄያቸውን ከማንም በላይ ልንረዳላቸው ይገባናል።

ይህን ስል ግን ከጽርዓውያን ጥበብ መማር ነውር ነው ማለቴ አይደለም። አባቶቻችን በአክሱም የጽርዕን ቋንቋ ያውቁ ነበር፤ በገንዘባቸው ላይ ቀረጹት፤ ንጉሥ ዒዛናም በአራተኛው መቶ ዓመት ድሉን በድንጋይ ሲያስጽፍ፣ በግእዝና በሳባ ፊደል ብቻ ሳይሆን፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነጋዴም እንዲያነብ በጽርዕ ጭምር አስጻፈ። ነገር ግን ጽርዕን ጻፈበት እንጂ አልለበሰውም፤ ሐውልቶቹ በበርና በመስኮት አምሳል የተጌጡ የአክሱም ሐውልቶች ናቸው እንጂ ከአቴና የተቀዱ ዓምዶች አይደሉም።

ስለ ዋሽንግተን ጀምሬ ነበርና ወደ እርሱ ልመለስ። ግሪኖ ከመወለዱ ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1785 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ቀራጭ ዣን አንትዋን ሁዶን አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ ዋሽንግተን እርሻ ወደ ማውንት ቨርነን መጣ፤ የሰውየውን ፊት በጀሶ ቀረጸ፤ ገላውን በመለኪያ ለካ፤ ሲናገርና ሲሄድ ተመለከተ። ሁዶን የሮምን ትምህርት የጨረሰ፣ ጥንትን ከማንም ያላነሰ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዋሽንግተን የዘመኑን ልብስ እንደሚመርጥ በተነገረው ጊዜ ግን አልተከራከረም፤ የራሱን የጦር አለቃ ልብስ አልብሶ፣ በአንድ እጁ የእግር መንገደኛ በትር አስይዞ፣ ሌላውን እጁን በአሥራ ሦስት ዘንግ እስር ላይ አሳርፎ፣ ከኋላው ማረሻ አድርጎ አቆመው። ዘንጎቹ የሮም ዳኞች የሥልጣን ምልክት ሲሆኑ ቊጥራቸው የአሥራ ሦስቱ ግዛቶች ነው፤ ማረሻውም ጦርነቱን ፈጽሞ ወደ እርሻው የተመለሰውን ሮማዊ ቺንቺናቱስን ያስታውሳል። ጥንቱ ሁሉ በዚያ አለ፤ ሰውየው ግን ራሱን ነው።

ሐውልቱ ከ1796 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገኘው በሪችመንድ ከተማ፣ ቶማስ ጄፈርሰን በፈረንሳይ ኒም ከተማ ያለውን የሮማውያን ቤተ መቅደስ አርአያ አድርጎ በነደፈው የቨርጂኒያ ምክር ቤት ውስጥ ነው። ጄፈርሰን ስለ ነፃነት እየጻፈ በዕድሜው ከስድስት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት ያኖረ ሰው መሆኑን፣ ዋሽንግተንም ከዚህ ንጹሕ አለመሆኑን የነጩ ዓምድ ውበት እንዳያስረሳን፤ ይህን እያስታወሱ ማየት ይቻላል። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቻችን በአንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ሐውልቶች ልታዩ ትችላላችሁ፤ ጧት በዋሽንግተን ራቁቱን የተቀመጠውን፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ተጕዛችሁ በሪችመንድ የጦር አለቃ ልብሱን ለብሶ የቆመውን። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ በሁለቱም ቦታ መግቢያው በነፃ ነው።